በብሪስቶልና በክሊንች ተራራ ሥር፤ የካንትሪ ሙዚቃን መካነ ቅርስ ለሚጎበኙ ባልና ሚስት የቀረበ መመሪያ

ካንትሪ የሚባለው የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ፣ ምንም እንኳ ዛሬ በታላላቅ አዳራሾች በብዙ ሺሕ ሕዝብ ፊት የሚዘፈን ቢሆን፣ ጥንተ ነገሩ ሲመረመር ባልና ሚስት፣ ወንድማማችና ዘመዳማች ከእርሻና ከጓዳ ሥራቸው ሲያርፉ በደጃፋቸው ተቀምጠው ያዜሙት የቤት ዜማ ሆኖ ይገኛል፤ ስለዚህም ቅርሱን ለማየት የሚነሡ ሰዎች ባልና ሚስት ሆነው፣ አንድ ቀን ሙሉ ሳይቸኩሉ ቢጓዙ፣ በብዙ ሰው መካከል በሁካታ ከሚደረግ ጉብኝት ይልቅ ምሥጢሩ ጠልቆ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሰው ለዚህ ነገር ወደ ናሽቪል ይሄዳል፤ ናሽቪልም መታየት የሚገባት ከተማ ናት። ነገር ግን ናሽቪል እህሉ የሚሸጥባት ገበያ ስትሆን፣ በቴኔሲና በቨርጂኒያ ወሰን ላይ የተቆረቆረችው ብሪስቶል፣ ከእርሷም በስተምዕራብ በክሊንች ተራራ ሥር የተዘረጋው ሸለቆ እህሉ የበቀለበት ማሳ ናቸው። አንድ ቀን ብቻ ያላችሁ እንደ ሆነ ወደ ማሳው ሂዱ።

ዕለቱን መምረጥ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው። ቅዳሜ ይሁን፤ ምክንያቱም የጉዞው መደምደሚያ የሆነው የዘፋኞቹ የካርተር ቤተ ሰብ አዳራሽ የሙዚቃ ጉባኤውን የሚያደርገው ቅዳሜ ምሽት ስለ ሆነና፣ በሌላ ቀን የሄደ ሰው የተዘጋ በር ተመልክቶ ስለሚመለስ ነው። ወራቱም ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ያለው ቢሆን ይሻላል፤ በክረምት ተራራው በረዶ ይጥልበታል፣ የገጠሩም መንገድ ያስቸግራል። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዙሪያና በሰሜን ቨርጂኒያ ያላችሁ ሰዎች፣ ብሪስቶል በዚያችው በቨርጂኒያ ግዛት ጫፍ ብትገኝም ከእናንተ 600 ኪሎ ሜትር ያህል እንደምትርቅ፣ 81 ቁጥር በተባለው አውራ ጎዳናም ስድስት ሰዓት ያህል እንደምታስነዳ ዐውቃችሁ፣ ዓርብ ተነሥታችሁ በከተማዋ ብታድሩ ቅዳሜን በሙሉ ታተርፋላችሁ። ከመነሣታችሁም በፊት በብሪስቶል ላለው የካንትሪ ሙዚቃ ቤተ መዘክርና ለአዳራሹ ስልክ ደውላችሁ የመክፈቻውን ሰዓትና የምሽቱን ተረኛ ሙዚቀኞች አረጋግጡ፤ የቅዳሜው ዝግጅት በአንዳንድ ሳምንት የሚታጠፍበት ጊዜ አለና።

ሁለተኛው ዝግጅት የጆሮ ዝግጅት ነው፤ ይህንም አጥብቄ እመክራለሁ። ድምፁን ሳይሰሙ ስፍራውን ማየት፣ ባዶ ግድግዳና የድንጋይ ጽሑፍ አይቶ መመለስ ነው። በመንገድ ላይ ሳላችሁ ኤ. ፒ. ካርተር፣ ሚስቱ ሳራና የወንድሙ ሚስት ሜይቤል የተባሉት ሦስቱ የካርተር ቤተ ሰብ አባሎች፣ ከእነርሱም ጋራ ጂሚ ሮጀርስ የተባለው ዘፋኝ በ1927 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት፣ ወርና ቀን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሸክላ ያስቀረጿቸውን ዘፈኖች ስሙ። አንደኛችሁ የሳራን ድምፅ ብቻ ተከተሉ፤ ያለ ጌጥ፣ ያለ መቅለስለስ፣ ከደረት የሚወጣ ጠንካራ ድምፅ ነው። ሌላችሁ የሜይቤልን ጊታር ብቻ አድምጡ፤ ዋናውን ዜማ በአውራ ጣቷ በወፍራሞቹ አውታሮች ላይ እየመታች፣ በሌሎቹ ጣቶቿ ደግሞ ቀጫጭኖቹን እየጠረገች በአንድ መሣሪያ የሁለት ሰው ሥራ ስትሠራ ትሰማላችሁ። ከእርሷ በኋላ በዚያ አገር ጊታር የያዘ ሁሉ ይህን አመታት ተምሯል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚያም ተለዋወጡ፤ የሰማችሁትንም ተነጋገሩበት።

ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ በቤተ መዘክሩ በር ተገኙ። የካንትሪ ሙዚቃ የትውልድ ስፍራ ቤተ መዘክር የሚባለው ይህ ቤት የተከፈተው በነሐሴ 1 ቀን 2014 ሲሆን፣ ቀኑም የካርተር ቤተ ሰብ በ1927 በማይክሮፎን ፊት የቆሙበት ዕለት ነው። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ስጡት፤ መግቢያውን ፊልም ሳታዩ ወደ ውስጥ አትለፉ፤ በየጥጉ ያሉትን ማዳመጫዎች ሁሉ ለመጨረስ ግን አትድከሙ፤ ጥቂት መርጦ ደጋግሞ መስማት ይሻላል። የራሱ የሬዲዮ ጣቢያም በዚያው በቤቱ ውስጥ ስላለ፣ ዕድል ቀንቷችሁ በሥራ ላይ ካገኛችሁት በመስታወቱ አጠገብ ጥቂት ቁሙ።

በዚያ ሳላችሁ ልብ ልትሉት የሚገባው ታሪክ እንዲህ ነው። ራልፍ ፒር የተባለው የሸክላ ነጋዴ፣ ቪክተር ከሚባለው ኩባንያ ጋራ ተዋውሎ፣ ሁለት ባለ ሙያዎችና መሣሪያውን ይዞ በሐምሌ ወር መጨረሻ በ1927 ወደ ብሪስቶል መጣ፤ በባርኔጣ ኩባንያ ሕንፃም ባዶ ፎቅ ተከራይቶ፣ ድምፁ እንዳያስተጋባ በግድግዳው ዙሪያ ብርድ ልብስ ሰቀለ። ማይክሮፎን ለሸክላ ሥራ መዋል ከጀመረ ገና ሁለት ዓመት ያህል ነበር፤ ድምፁ በሰም ላይ የሚቀረጽበት ጠረጴዛ ግን ፍጥነቱ እንዳይዛነፍ በኤሌክትሪክ ሳይሆን ቀስ እያለ በሚወርድ ክብደት ይዞር ነበር። በመጀመሪያው ሰሞን የመጣው ሰው ጥቂት ነበር፤ ኋላ ግን የከተማው ጋዜጣ ኧርነስት ስቶንማን የተባለው አናጺ ዘፋኝ ባለፈው ዓመት ከሸክላ ብቻ 3,600 ዶላር እንዳገኘ በጻፈ ጊዜ፣ ከየተራራው በባቡር፣ በጋሪና በእግር የመጣው ሕዝብ ደጁን አጨናነቀው። ፒር ለእያንዳንዱ የተቀረጸ ዘፈን 50 ዶላር ይከፍል፣ ከሚሸጠውም ሸክላ ጥቂት ሳንቲም ያስብ ነበር። በሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 19 ቡድኖች 76 ዘፈኖችን አስቀረጹ። ከነዚህም መካከል በነሐሴ 1 እና 2 የካርተር ቤተ ሰብ፣ በነሐሴ 4 ደግሞ ጂሚ ሮጀርስ ይገኙባቸዋል።

የአሜሪካ ምክር ቤት በ1998 ብሪስቶልን የካንትሪ ሙዚቃ የትውልድ ስፍራ ብሎ ዐውቋታል። ነገሩን በጥንቃቄ ለመናገር ያህል፣ ፒር ራሱ ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ በአትላንታ የአንድ ቫዮሊን መቺ ሸክላ አስቀርጾ ነበርና ብሪስቶል የመጀመሪያዋ አይደለችም፤ ነገር ግን በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ የቤተ ሰቡን ዜማና የብቸኛውን መንገደኛ ዘፈን የሰጡት ሁለቱ ታላላቅ ምንጮች፣ ካርተሮችና ሮጀርስ፣ አንድ ላይ የተገኙባት እርሷ ብቻ ናት፤ ለክብሯም ይህ ይበቃል።

የካርተሮችም አመጣጥ ለባልና ሚስት የሚነገር ነው። ኤ. ፒ. የወንድሙን መኪና ለመዋስ በምላሹ የበቆሎ ማሳውን ሊያርምለት ተስማማ ይባላል፤ ሳራ የሚጠባ ሕፃኗን ይዛ፣ ስምንት ዓመት የሞላትን ልጇንም ለሕፃኑ ሞግዚት እንድትሆን አስከትላ፣ የ18 ዓመቷ ሜይቤልም የመውለጃዋ ጊዜ ቀርቦ ሳለ፣ ጎማው እየተነፈሰ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን አስቸጋሪ መንገድ ቀኑን ሙሉ ሲጓዙ ዋሉ። በነሐሴ 2 ቀን ከዘፈኗቸው አንዱ ያላገባችን ልጃገረድና ያገባችን ሴት ኑሮ የሚያነጻጽረው «ሲንግል ገርል፣ ማሪድ ገርል» ነው፤ ሳራ ዘፈኑን አልወደደችውም ነበር፤ የፒር ፈቃድ ግን ስለ ጸና ዘፈነችው፤ ሸክላውም ሕዝብ የወደደው ሆነ። ይህን ዘፈን በቤተ መዘክሩ ውስጥ ሁለታችሁ አብራችሁ ስሙት፤ ሕፃን ልጅ ታቅፋ የመጣች ሚስት እንደዘፈነችው እያሰባችሁ።

ከቤተ መዘክሩ ስትወጡ ስቴት ስትሪት የተባለውን ዋና መንገድ በእግር ሂዱበት። የሁለቱ ግዛቶች ወሰን በመንገዱ መካከል ያልፋል፤ በአስፋልቱ ላይ የተተከሉ የነሐስ ምልክቶችም ያሳዩታል፤ አንደኛችሁ በቴኔሲ፣ ሌላችሁ በቨርጂኒያ ቆማችሁ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ፎቶግራፍ መነሣት በዚያ የታወቀ ልማድ ነው፤ ከመኪና ግን ተጠንቀቁ። በመንገዱ ላይ ከ1910 ጀምሮ የሚታወቀው ታላቅ የመብራት ምልክት ይታያል። ፒር የተከራየው የባርኔጣ ሕንፃ ግን ዛሬ የለም፤ በቁጥር 408 ስቴት ስትሪት የምታገኙት መኪና የሚቆምበትን ሜዳና የመታሰቢያ ጽሑፍ ነው። ብዙ ጎብኚ ሕንፃውን አጥቶ ቅር ይለዋል፤ እናንተ ግን አስቀድማችሁ ስላወቃችሁ፣ እዚያው ቆማችሁ ከዘፈኖቹ አንዱን ደግማችሁ ስሙ፤ ሕንፃው ጠፍቶ ድምፁ የቀረበት ስፍራ ነውና። ከዚያም ሳትርቁ በግድግዳ ላይ የተሣለውን የ1927ቱን ሙዚቀኞች ሥዕል ተመልከቱ።

ምሳችሁን እዚያው ብሉ። በመንገዱ ጥግ ያለችው በርገር ባር የምትባል ትንሽ ምግብ ቤት፣ ሃንክ ዊልያምስ የተባለው ዝነኛ ዘፋኝ በ1952 መጨረሻ ሌሊት በመኪና ሲያልፍ የቆመባት ናት የሚል ትውፊት አላት፤ እርሱም በጥር 1 ቀን 1953 በመኪናው የኋላ መቀመጫ ሞቶ ተገኝቷል። ትውፊቱን የሚጠራጠሩ አሉ፤ ምግቡ ግን ርካሽና መልካም ነው። ጊዜ የተረፋቸው ዘፋኙ ቴኔሲ ኧርኒ ፎርድ የተወለደበትን ትንሽ ቤት በአንደርሰን ስትሪት ከውጭ ማየት ይችላሉ፤ ጊዜ ከሌላችሁ ተዉት።

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ብሪስቶልን ለቃችሁ፣ 58 እና 421 ቁጥር የተባለውን የጋራ መንገድ ወደ ምዕራብ ያዙ። ሂልተንስ ስትደርሱ በኤ. ፒ. ካርተር ስም ወደ ተጠራው የገጠር መንገድ ታጠፉ፤ ከዚያ ወዲያ ነዳጅ ማግኘት ስለሚያስቸግር አስቀድማችሁ ቅዱ፤ የስልክ ሞገድም በተራራው ሥር ስለሚደክም የመንገዱን ካርታ በወረቀት ወይም በስልካችሁ ውስጥ አስቀምጡ። በስተሰሜን እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ የሚታየው ክሊንች ተራራ ነው፤ ሸለቆው ደግሞ ፑር ቫሊ፣ ማለት ድኻ ሸለቆ ይባላል፤ መሬቱ ስስ፣ ማሳው ጠባብ መሆኑን በዓይናችሁ ታያላችሁ።

መኪናችሁን ምቹ በሆነ ጥግ አቁማችሁ ተራራውን እዩ። ኤ. ፒ. ወጣት ሳለ የፍራፍሬ ችግኝ እየዞረ ይሸጥ ነበር፤ አንድ ቀን ይህን ተራራ ተሻግሮ ወደ ኮፐር ክሪክ በወረደ ጊዜ፣ በጭን አስቀምጠው የሚመቱትን ኦቶሃርፕ የተባለ ብዙ አውታር ያለው መሣሪያ ይዛ በደጃፏ የምትዘፍን ልጃገረድ ሰማ፤ እርሷም ሳራ ነበረች። በሰኔ 18 ቀን 1915 ተጋቡ። እርሱም ሚስቱን ወደዚህ ወደ ማዶው አመጣት። ይህን ትረካ ከመጽሐፍ ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ የተራራውን ከፍታ አይቶ፣ አንድ ሰው በእግሩ ችግኝ ተሸክሞ እንደ ተሻገረው መረዳት ግን ሌላ ነው።

በዚህ ስፍራ ሌላ ስም ማንሣት ግዴታ ነው፤ ብዙ መሪ ሳያነሣው ያልፋልና። ካርተሮች ያስቀረጿቸው ዘፈኖች ሁሉ የራሳቸው ድርሰት አልነበሩም፤ ኤ. ፒ. በየሰፈሩና በየቤተ ክርስቲያኑ እየዞረ ይሰበስብ ነበር። በዚህ ሥራ የረዳው ሌስሊ ሪድል የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ጊታር መቺ ነበር፤ በኪንግስፖርት በሲሚንቶ ፋብሪካ አደጋ አንድ እግሩን ያጣ ሰው ነው። ኤ. ፒ. ግጥሙን ሲጽፍ፣ ሪድል ዜማውን በልቡናው ይይዝና ወደ ቤት ሲመለሱ ለሴቶቹ ይመታላቸው ነበር፤ ሜይቤልም ከእርሱ አመታት ተምራለች። ዘርን ከዘር የሚለይ ሕግ በጸናበት ዘመን ሁለቱ ሰዎች አብረው ተጉዘው፣ አብረው አድረው የሰበሰቡት ዜማ ዛሬ የነጭ ገበሬ ሙዚቃ ተብሎ ብቻ ሲጠራ መስማት ያሳዝናል። በዚህ ሙዚቃ የሚመታው ባንጆም ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ይዘውት ከመጡት ዕውቀት የተገኘ ነው። ከአፍሪካ የመጣችሁ ጎብኚዎች እንደ መሆናችሁ፣ ይህን ዐውቃችሁ ግቡ፤ ለልጆቻችሁም ንገሩ።

ከምሽቱ በፊት፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ በዚያው መንገድ ወደሚገኘው ማውንት ቨርኖን ወደሚባለው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። ኤ. ፒ.ም ሳራም የተቀበሩት በዚያ መካነ መቃብር ነው፤ በመቃብራቸው ድንጋይም ላይ የሸክላ ምስል ተቀርጾባቸዋል። ስትገቡ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ድንጋዩ ላይ አትደገፉ፤ የሰንበት አምልኮ የሚካሄድበት ሕያው ቤተ ክርስቲያን እንጂ የታሪክ ትርኢት ብቻ እንዳልሆነ አስቡ። ፊት ለፊታችሁ ያሉት ሁለት ሰዎች ትዳራቸው አልጸናም፤ ኤ. ፒ. ዘፈን ፍለጋ ከቤቱ እየራቀ፣ ሚስቱንም ብቻዋን እየተወ ስለ ኖረ፣ ሳራ የእርሱን ዘመድ ኮይ ቤይስን ወደደች፤ በ1933 ተለያዩ፣ በ1936ም ፍቺው ጸደቀ። ሆኖም ከፍቺው በኋላ እስከ 1943 ድረስ በአንድ ማይክሮፎን ፊት እየቆሙ አብረው ዘፍነዋል። ሳራ በሬዲዮ ላይ ለኮይ የሚሆን ዘፈን ዘፍና፣ እርሱም በካሊፎርኒያ ሰምቶ መጥቶ በ1939 እንዳገባት ይነገራል፤ ኤ. ፒ. ግን ሌላ ሚስት ሳያገባ፣ በዚህ ሸለቆ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ፣ በ1960 ሞተ። ሳራም በ1979 በካሊፎርኒያ ስትሞት አስከሬኗ ወደዚህ መጥቶ ተቀበረ። ይህን ታሪክ ሳያውቁ ድንጋዩን ፎቶግራፍ አንሥቶ መሄድ ይቻላል፤ ዐውቆ በጽሞና መቆም ግን ለባልና ሚስት የዚህ ጉዞ ከባዱና ዋናው ክፍል ነው። ከመኪናው ገብታችሁ ወዲያው ሙዚቃ አትክፈቱ፤ ጥቂት ተነጋገሩ።

አሁን ወደ ካርተር አዳራሽ መሄድ ነው። ኤ. ፒ. ከመሞቱ በፊት ሙዚቃው እንዳይጠፋ ለልጁ ለጃኔት አደራ ብሏት ነበር፤ እርሷም በ1974 በአባቷ አሮጌ ሱቅ ውስጥ የቅዳሜ ዝግጅት ጀመረች፤ ሱቁ ሕዝቡን መያዝ ባቃተውም ጊዜ ከአጠገቡ በ1976 አዳራሹ ተሠራ። ምሽት 12 ሰዓት ላይ ብትደርሱ፣ ሱቁ ዛሬ ቤተ መዘክር ስለ ሆነ የቤተ ሰቡን ልብስ፣ ፎቶግራፍና ዕቃ ለማየት፣ ወደዚያ ተዛውሮ የቆመውንም ኤ. ፒ. የተወለደበትን የግንድ ጎጆ ለመጎብኘት ጊዜ ታገኛላችሁ። ሙዚቃው የሚጀምረው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው።

በአዳራሹ የሚጠበቅ ሥርዓት አለ። መጠጥ አይገባም፤ ሲጋራም አይጨስም። መሣሪያው ሁሉ ኤሌክትሪክ የሌለበት፣ ቫዮሊን፣ ባንጆ፣ ጊታር፣ ማንዶሊንና ትልቁ ቤዝ ነው፤ ከዚህ ሕግ ውጭ የተፈቀደለት የጃኔት የአጎቷ ልጅ የጁን ካርተር ባል ጆኒ ካሽ ብቻ ነበር። እርሱም ሚስቱ ጁን በግንቦት 15 ቀን 2003 ከሞተች በኋላ፣ በሐምሌ 5 ቀን ሰውነቱ እየደከመ ወደዚህ መጥቶ በሕዝብ ፊት ለመጨረሻ ጊዜ ዘፈነ፤ በመስከረም 12 ቀንም ሞተ። መድረኩን ስታዩ ይህን አስታውሱ።

ከመድረኩ ፊት ያለው ወለል ለጭፈራ የተተወ ነው። ሽማግሌዎችና ሕፃናት ሳይቀሩ ተረከዝና ጣታቸውን ከወለሉ ብዙ ሳያርቁ፣ ከቫዮሊኑ ጋራ እየተከታተሉ እግራቸውን ይመታሉ። አንደኛውን ዙር ተቀምጣችሁ እግራቸውን አጥኑ፤ በሁለተኛው ተነሡ። የማታውቁት ጭፈራ መሆኑ አያሳፍራችሁ፤ እንግዳን መሳቂያ የሚያደርግ ሕዝብ አይደለም፤ አጠገባችሁ ያለው አዛውንት እግሩን ቀስ አድርጎ ያሳያችኋል። በእረፍቱ ሰዓት ለሙዚቀኞቹ ምስጋናችሁን አቅርቡ፤ ሸክላም ሆነ ሲዲ ካላቸው ከእጃቸው ግዙ።

ይህ አዳራሽ የሚኖረው በጎ ፈቃደኞች በሚሰጡት ሥራ፣ ጎብኚ በሚከፍለው አነስተኛ የመግቢያ ዋጋና በስጦታ ነው። ስለዚህ መግቢያውን ስትከፍሉ ከዋጋው በላይ ጥቂት ጨምሩ፤ በሚሸጠውም የቤት ምግብ ራታችሁን እዚያው ብሉ። ስትመለሱ መንገዱ ጨለማ ነው፤ አጋዘን በድንገት ይገባበታልና በዝግታ ንዱ፤ ማደሪያችሁም ብሪስቶል ይሁን እንጂ በዚያው ሌሊት ወደ ዋሽንግተን ለመመለስ አትነሡ።